ከአንድ በላይ ክላሲክ መኪና በተሳቢ ጭኖ ረጅም መንገድ መሄድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ አሮጌ መኪኖቻቸውን በፒካፕና በተሳቢ ጭነው ከስቴት ስቴት ሊሻገሩ ያሰቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ እንጀምራለን።

ሁለት ክላሲክ መኪና በአንድ ተሳቢ መጫን በእርግጥ ይቻላል?

ይቻላል። ሦስትም ጭነው የሚሄዱ አሉ። ሁለት መኪና የሚይዝ ተሳቢ አብዛኛውን ጊዜ ከ36 እስከ 40 ጫማ ይረዝማል። ሦስት የሚይዘው 50 ጫማ አካባቢ ነው። ተሳቢ ከመፈለጋችሁ በፊት ግን ሜትር ይዛችሁ መኪኖቹን ለኩ። የ1957 ሼቭሮሌት ቤል ኤር 200 ኢንች ነው። የ1965 ፎርድ ማስታንግ 182 ኢንች ገደማ። ሁለቱ ሲደመሩ ወደ 32 ጫማ ይጠጋሉ። በመካከላቸው፣ ከፊትና ከኋላ ለማሰሪያ የሚሆን ቦታ ስትጨምሩ 36 ጫማ ገባችሁ ማለት ነው። የ1959 ካዲላክ ደግሞ ለብቻው 19 ጫማ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ሁለት ካዲላክ ካላችሁ 40 ጫማውም ጢም ይላል።

ስፋቱም አለ። ተሳቢ ከውጭ እስከ ውጭ የሚፈቀድለት 102 ኢንች ነው። ጎማዎቹና ፓራፋንጎዎቹ የራሳቸውን ሲወስዱ መሀል ላይ የሚቀረው 82 ወይም 83 ኢንች ነው። ያ ካዲላክ 80 ኢንች ይሰፋል። ነድታችሁ ታስገቡታላችሁ፣ በሩ ግን አይከፈትላችሁም። በመስኮት ለመውጣት ዕድሜም ቁመናም ይጠይቃል። ሰፊ መኪና ያለው ሰው ፓራፋንጎው የሚነቀል ወይም መኪና በላዩ የሚያልፍበት ተሳቢ ይፈልግ።

ተሳቢውን ተከራይቼ ብሠራውስ?

በየሰፈሩ የምታዩት የዩሆል መኪና ጫኝ ተሳቢ የሚይዘው አንድ መኪና ብቻ ነው። የሚፈቀደው ጭነት 5,290 ፓውንድ ነው። ለሁለት መኪና የሚሆነውን የሚያከራዩት ተሳቢ ሻጮችና የከባድ ዕቃ አከራዮች ናቸው። እነሱም ብዙ ጊዜ በወሰዳችሁበት ቦታ እንድትመልሱ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ባዶውን የመመለሻ ጉዞ ሒሳብ ውስጥ አስገቡ።

ጉዞው የአንድ ጊዜ ከሆነ የኔ ምክር ሌላ ነው። ሁለት ሰው፣ ሁለት ፒካፕ፣ ሁለት ባለ አንድ መኪና ተሳቢ። ነዳጁ ይጨምራል፣ ጭንቀቱ ግን ከግማሽ በታች ይወርዳል።

ክፍት ተሳቢ ይሻላል ወይስ ዝግ?

ክፍቱ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ነፋስ ብዙም አይገፋውም። ማሰሪያዎቹንም በየቆማችሁበት በዓይናችሁ ታያላችሁ። ዝግ ተሳቢ ከጠጠር፣ ከዝናብና ከሌባ ዓይን ይከልላል። ግን ይከብዳል፣ የጎን ነፋስም እንደ ሸራ ይይዘዋል። አሮጌ ካርቡራቶር ደግሞ ሲንገጫገጭ ቤንዚን ያንጠባጥባል። ዝግ ሳጥን ውስጥ የቤንዚን ትነት ሲጠራቀም አደጋ ነው፤ አየር ማስገቢያዎቹ ክፍት መሆናቸውን አረጋግጡ።

ክረምት ላይ ወደ ሰሜን የምትሄዱ ከሆነ ግን ሳልከራከር ዝግ እላለሁ። በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው ለአሮጌ ቆርቆሮ መርዝ ነው። ብዙ ሰው በክፍት ተሳቢ ላይ መኪናውን በልብስ ሸፍኖ ይሄዳል። ይህን አታድርጉ። ልብሱ ከሥሩ አቧራ ይዞ ቀኑን ሙሉ ሲርገበገብ ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል።

የኔ ፒካፕ ይችለዋል?

ማስታወቂያ ላይ «20,000 ፓውንድ ይጎትታል» የሚለውን ለጊዜው እርሱት። የዛሬ ናፍታ ሞተር ይጎትታል። ቀድሞ የሚያልቀው የመሸከም አቅሙ ነው። የሾፌሩን በር ክፈቱና ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ቢጫና ነጭ ወረቀት አንብቡ። የሰውና የዕቃ ክብደት ተደምሮ ከዚህ መብለጥ የለበትም የሚል ቁጥር አለ። ወሳኙ እሱ ነው።

እስቲ እናስላው። ቤል ኤሩ 3,400 ፓውንድ ገደማ። ማስታንጉ 2,800። ባለ ሁለት መኪና ተሳቢ ባዶውን 6,000 እንበል። ስኮርታ ጎማ፣ ክሪክ፣ ማሰሪያና በገመድ የሚጎትት ዊንች 300። ድምሩ 12,500 ፓውንድ። በጉዝኔክ፣ ማለትም በፒካፑ ጭነት ሳጥን መሀል በሚያያዘው ተሳቢ፣ ከዚህ ውስጥ ከ15 እስከ 25 በመቶው ፒካፑ ላይ ያርፋል። 20 በመቶ ብንወስድ 2,500 ፓውንድ ነው። እናንተ፣ ጓደኛችሁ፣ ሻንጣውና የጉዝኔኩ መያዣ ሲጨመሩ 3,000 አለፈ። ብዙ ናፍታ ፎርድ ኤፍ-250 ላይ የተለጠፈው ቁጥር ከ2,000 እስከ 2,500 ባለው ውስጥ ነው። አያችሁ? በመጎተት ገና ብዙ ይቀረዋል፣ በመሸከም ግን አልቋል። ሁለት ሙሉ መጠን ያላቸው መኪኖች የሚጭን ሰው ኤፍ-350 ወይም ራም 3500 ደረጃ ያለውን ቢይዝ ነው የሚሻለው።

ከኋላ በኩል በኳስ የሚያያዘው ተሳቢ ከሆነ ሂቹ ላይ፣ ማለትም ተሳቢው ከፒካፑ ጋር በሚያያዝበት ብረት ላይ፣ የሚያርፈው ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። ያው 12,500 ፓውንድ በ12 በመቶ 1,500 ይሆናል። ለፒካፑ ይቀላል፣ መንገድ ላይ ግን እንደ ጉዝኔክ አይረጋም። የሂቹም የራሱ ገደብ አለ፤ ብረቱ ላይ ተጽፏል።

የትኛው መኪና ከፊት ይሁን?

ከባዱ ከፊት። ይህ ለአብዛኛው ይሠራል። ግን ሞተሩ የት እንዳለ ተመልከቱ። ቤል ኤርና ማስታንግ ሞተራቸው ከፊት ነው፤ አፍንጫቸውን ወደ ፒካፑ አድርጋችሁ ብትጭኗቸው ክብደቱ ወደምትፈልጉት አቅጣጫ ይሄዳል። ቮልስ ግን ነገሩን ትገለብጠዋለች። ጠቅላላ ክብደቷ 1,800 ፓውንድ ገደማ ቢሆንም ከግማሽ በላዩ ከኋላ ነው። ተሳቢው ጭራ ላይ አፍንጫዋን ወደ ፊት አድርጋችሁ ካቆማችኋት ሞተሯ ከጎማዎቹ ኋላ ይንጠለጠላል። ሂቹን ያቀለዋል ማለት ነው። ቀላል ሂች ደግሞ ጅራቱ የሚወዛወዝ ተሳቢ ነው። ኋላ ላይ የምትጫን ቮልስ በሪቨርስ ትግባ።

ትንሽ ማስጠጋት ብዙ ይለውጣል። ከሂቹ እስከ ተሳቢው አክስሎች መሀል 24 ጫማ ከሆነ፣ 3,400 ፓውንድ የሆነውን መኪና አንድ ጫማ ወደ ፊት ብትገፉት ሂቹ ላይ 140 ፓውንድ ገደማ ይጨምራል። ሁለት ጫማ ከሆነ 280። ስለዚህ አንዴ ልኩን ካገኛችሁ ጎማዎቹ የቆሙበትን ቦታ ተሳቢው ወለል ላይ በቀለም ምልክት አድርጉበት።

መኪና በግልባጭ ስትጭኑ ነፋሱም ይገለበጣል። በሩ በደንብ ካልተዘጋ ነፋሱ ይበረግደዋል። ኮፈናቸው ወደ ፊት የሚከፈት መኪኖች፣ ለምሳሌ ጃጓር ኢ-ታይፕ፣ በግልባጭ ሲጫኑ ነፋሱ ኮፈኑን ከሥር ያገኘዋል። በማሰሪያ ደግፉት።

መጫኔ ልክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በሚዛን። በግምት አይሆንም። ትልልቆቹ የከባድ መኪና ማደያዎች ላይ ካት ስኬል የሚባለው ሚዛን አለ፤ ለማንም ክፍት ነው። የፒካፑን የፊት እግር በመጀመሪያው ሰሌዳ፣ የኋላውን በሁለተኛው፣ የተሳቢውን በሦስተኛው ላይ ታቆማላችሁ። ወረቀቱ ለየብቻ ያወጣላችኋል። ከዚያ ተሳቢውን ፈትታችሁ ፒካፑን ብቻውን መዝኑት።

ፒካፑ ብቻውን 8,600 ቢመዝን፣ ከተሳቢው ጋር ደግሞ የሱ ሁለት እግሮች 11,000 ቢሉ፣ ልዩነቱ 2,400 ሂቹ ላይ ያረፈው ነው። የተሳቢው እግሮች 10,100 ካሉ የተሳቢው ጠቅላላ ክብደት 12,500 ነው። 2,400 የዚህ 19 በመቶ ገደማ ነው። ለጉዝኔክ አሪፍ ነው። ከ15 በታች ከወጣ መኪና አስጠጉና እንደገና መዝኑ። በ24 ሰዓት ውስጥ ለድጋሚ ሚዛን የሚከፈለው ትንሽ ነው።

መኪኖቹ የሚታሰሩት ከየት ነው?

ከፓራውልት አይታሰርም። ከማርሚታም፣ ከመሪ ዘንግም አይታሰርም። የቀሩት ሁለት ጥሩ ምርጫዎች ጎማና አክስል ናቸው። በጎማ ላይ የሚጠለቀው መረብ መሰል ቀበቶ ጎማውን ብቻ ይይዛል። መኪናው በራሱ ባሌስትራ ላይ እንደልቡ ይነጥራል፣ ማሰሪያው ግን አይላላም። ለክላሲክ መኪና ምርጫዬ እሱ ነው። ከሻንሲ ስታስሩ ግን መኪናው በነጠረ ቁጥር ማሰሪያው ይላላል፣ ይጠብቃል። ይህን ለመከላከል አጥብቆ ወደ ታች የሚጎትት ሰው አለ፤ የ60 ዓመት ባሌስትራ ይህን አይወድም።

ከኋላ አክስል የምታስሩ ከሆነ መጀመሪያ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ከሥር ግቡ። በብዙ አሮጌ መኪኖች የፍሬን ዘይት የሚያልፍባት ቀጭን ቧንቧ በአክስሉ ላይ ተለጥፋ ነው የምትሄደው። ቀበቶው በላይዋ ካረፈና ከጠበቀ ይጨፈልቃታል። ይህን የምታውቁት መኪናውን አውርዳችሁ ፍሬን ስትረግጡ ነው። ቸርኬው ባለ ሽቦ ከሆነ ደግሞ ቀበቶ በሽቦዎቹ መሀል አታሳልፉ።

ለእያንዳንዱ መኪና አራት ቀበቶ ያዙ፣ በየማዕዘኑ አንድ። ባለ 2 ኢንቹ ቀበቶ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው የሥራ አቅም 3,333 ፓውንድ ነው። ቀበቶውን ግማሽ ዙር ብታጣምሙት ነፋስ እያንቀጠቀጠ አያስጮኸውም። የተረፈውን ጫፍ ጠቅልላችሁ እሰሩት፤ ካልሆነ ቀኑን ሙሉ በሩን ሲገርፍ ይውላል። መኪናውን ማርሽ ውስጥ አስገቡ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማው ሥር ታኮ አድርጉ። እነዚህ ሦስቱ ግን ተጨማሪ ናቸው፤ መኪናውን የሚይዘው ቀበቶው ነው።

ከተነሳሁ በኋላ ማሰሪያውን መቼ ልፈትሽ?

ገና ከሰፈር ሳትርቁ፣ 10 እና 15 ማይል ላይ። መኪናው ይረጋል፣ ቀበቶውም ይለጠጣል፤ የመጀመሪያው መላላት የሚመጣው ያኔ ነው። ለንግድ ጫኞች የፌዴራል ሕጉ የሚያዘው በመጀመሪያዎቹ 50 ማይሎች ውስጥ፣ ከዚያ በየ150 ማይሉ ወይም በየ3 ሰዓቱ ነው። ለግላችሁ ብትጭኑም ይህችን ልማድ ተዋሷት። በቆማችሁ ቁጥር የተሳቢውን ጎማና የመሀል ክፍሉን በእጅ ጀርባ ቀርባችሁ ሙቀቱን ገምቱ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ኩሽኔታው ወይም ፍሬኑ ችግር አለበት።

ለማደያ የመደባችሁት ጊዜ ላይ ደግሞ ጨምሩበት። ቤል ኤር ጭናችሁ በቆማችሁበት ሁሉ አንድ ሽማግሌ መምጣታቸው አይቀርም። አባታቸው እንዲህ ዓይነት ነበራቸው።

መኪኖቹ ከመጫናቸው በፊት ምን ይሠራላቸው?

ቤንዚኑ ሩብ ታንክ ወይም ከዚያ በታች ይሁን፤ ለመጫኛና ለማውረጃ ይበቃል። ተሳቢው ላይ ከወጣ በኋላ የባትሪውን ሽቦ ንቀሉ። አንቴና፣ የላላ ጌጥ፣ የጎማ ክዳን ሁሉ ይነሳና ፖርታባጋሊዮ ውስጥ ይግባ። ጣሪያው ሸራ የሆነ መኪና በክፍት ተሳቢ ላይ ባይሄድ ይመረጣል፤ አሮጌ ሸራ በነፋስ ይቀደዳል። በመጨረሻም ከአራቱም ጎን ፎቶ አንሱ፣ ጭረቶቹን ሳይቀር። ኢንሹራንስ ጋ ክርክር ቢነሳ የሚረዳችሁ እሱ ነው።

አንዱ መኪና ሞተሩ አይነሳም። እንዴት ይጫናል?

በዊንች ነው። መሪው መቆለፍ የለበትም፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፣ ጎማዎቹ አየር ይያዙ። ጎማ ሳይዞር የሚጎተት መኪና የዊንቹን ሥራ ብዙ እጥፍ ያደርገዋል። የዊንቹን መንጠቆ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አትስቀሉ። ከግራና ከቀኝ በሁለት እግር የሚይዝ ማሰሪያ ተጠቀሙ፤ መኪናው ቀጥ ብሎ ይወጣል። አንድ ሰው መሪ ላይ ይቀመጥ። ፍሬን ከሌለ ደግሞ ሌላ ሰው ታኮ ይዞ ከጎን ይከተል፣ ከኋላ ግን ማንም አይቁም። የገመዱ መስመር ላይም ማንም አይቁም።

ዝቅ ያለ ወይም ጭራው የረዘመ መኪና መወጣጫው ላይ ሲደርስ ሆዱን ወይም ጭራውን ይፍቃል። ከመወጣጫው ሥር ወፍራም ጣውላ ደርድራችሁ ዳገቱን ማለስለስ ነው። ሌላው ዘዴ ፒካፑን ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ማቆምና የተሳቢውን ጭራ ከፍ ወዳለው መሬት ማስጠጋት ነው።

የተሳቢው ጎማ ለምን ቶሎ ቶሎ ይፈነዳል?

አየር ሲያንሰው ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይፈነዳል። አብዛኛው ታሪክ ይኸው ነው። የተሳቢ ጎማ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ አየር፣ ጠዋት ሳይሞቅ ሙሉት። ብዙዎቹ የተሳቢ ጎማዎች የተሠሩት ለ65 ማይል ፍጥነት ነው። አዳዲሶቹ ከዚያ በላይ የሚችሉ አሉ፤ ጎኑ ላይ ያለው ፊደል ይነግራችኋል።

ዕድሜውንም እዩ። ጎማው ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 2319 ካለ የተሠራው በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ አዲስ መስሎ ቢታይም አምስት ስድስት ዓመት ያለፈው ጎማ ረጅም መንገድ አይውጣ። ሁለት ስኮርታ ያዙ። ምክንያቱም ባለ ሁለት አክስል ተሳቢ ላይ አንዱ ሲፈነዳ ጎረቤቱ የሁለት ጎማ ጭነት ይሸከማል። እሱም ብዙ አይቆይም። ዳር ይዛችሁ ቶሎ ቁሙ።

በምን ፍጥነት ልንዳ? በቀንስ ስንት ማይል?

60 አካባቢ ጥሩ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ተሳቢ ለሚጎትት መኪና ሕጉ 55 ነው፤ ሰው ሁሉ 75 እየነዳ ሲያልፋችሁ ያናድዳል፣ ቢሆንም ሕጉ ይኸው ነው። በቀን 500 ማይል በቂ ነው። ከሎስ አንጀለስ ዋሽንግተን ዲሲ 2,700 ማይል ገደማ ነው፤ ስድስት ቀን መድቡ። ጭኖ የሚሄድ ናፍታ ፒካፕ በጋሎን 9 ማይል ቢሄድ 300 ጋሎን ናፍታ ይጠጣል። ከመነሳታችሁ በፊት ይህን በዋጋው አባዙትና ለጫኝ ድርጅት ከምትከፍሉት ጋር አስተያዩት። አንዳንዴ ድርጅቱ ይረክሳል።

በየትኛው መንገድ ልሂድ?

ካርታው አጭሩን ያሳያችኋል። አጭሩ ግን ሁልጊዜ ቀላሉ አይደለም። ኮሎራዶን በአይ-70 አውራ ጎዳና የሚያቋርጥ ሰው የአይዘንሃወር ዋሻ ጋ ሲደርስ 11,158 ጫማ ከፍታ ላይ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። እዚያ ላይ ሲሦውን ጥሎታል ማለት ነው። ከዳገቱ ይልቅ ደግሞ ቁልቁለቱ ያስፈራል። ከመውረዳችሁ በፊት ማርሽ ቀንሱ፣ ሞተሩ ይያዘው። ፍሬን ረግጦ መልቀቅ እንጂ ረግጦ መቆየት የለም። የፍሬን ሽታ ከመጣ አርፍዳችኋል፤ ፍሬን ላጡ መኪኖች የተሠራው የአሸዋ መውጫ የት እንዳለ እያያችሁ ውረዱ።

በአይ-80 ዋዮሚንግ ላይ ችግሩ ነፋስ ነው። በላራሚና በራውሊንስ መካከል ለቀላልና ረጃጅም ተሽከርካሪዎች መንገዱ የሚዘጋበት ቀን አለ። ዝግ ተሳቢ ያለው ሰው የዋዮሚንግን የመንገድ መረጃ ሳያይ አይግባ። እኔ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ከሆነ አይ-40ን እመርጣለሁ። ፍላግስታፍ ላይ 7,000 ጫማ ይደርሳል፣ ግን አወጣጡ ለስለስ ያለ ነው። አይ-10ም ዝቅ ያለ ነው፤ በጋ ላይ የአሪዞና ሙቀት ግን ለጎማ ጥሩ አይደለም፣ በጠዋት እለፉት።

ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ ምን ላድርግ?

የፒካፑን ፍሬን አትርገጡ። መሪውን ግራ ቀኝ አታወዛውዙ። ነዳጁን ልቀቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ከዚያ ጋቢና ውስጥ ባለው የተሳቢ ፍሬን መቆጣጠሪያ ላይ ያለችውን በእጅ የምትገፋ ማንሻ ቀስ አድርጋችሁ ተጫኑ። የተሳቢው ፍሬን ብቻ ሲይዝ ተሳቢው ወደ ኋላ ይጎትታል፣ መስመሩም ይቃናል። ማንሻዋ የት እንዳለች እጃችሁ ሳያይ የሚያገኛት መሆን አለበት፤ ባዶ ግቢ ውስጥ ተለማመዱት። ከዚያ ወጥታችሁ ቁሙ። መወዛወዙ አንዴ ከመጣ ተመልሶ ይመጣል። መንስኤው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ክብደት ኋላ መብዛቱ ነው፤ መኪናውን አስጠጉ።

ተሳቢው ላይ ያለችውን ትንሽ ባትሪም ፈትሹ። ተሳቢው ከፒካፑ ቢላቀቅ ቀጭኗ ሽቦ ፒኗን ትነቅላለች፣ ፍሬኑም በዚያች ባትሪ ይይዛል። ባትሪዋ ሞታ ከሆነ ፍሬኑ አይይዝም።

ሌሊት የት ልደር?

ስትገቡ ስለመውጣታችሁ አስቡ። 60 ጫማ የሚሆን ነገር ይዛችሁ ትንሽ ሆቴል ግቢ ገብታችሁ በሪቨርስ መውጣት ቅዠት ነው። ሆቴሉ ደውላችሁ የከባድ መኪና ማቆሚያ እንዳለው ጠይቁ። የተሳቢውን ጭራ ግድግዳ አስጠግታችሁ ካቆማችሁ ሌባ መኪኖቹን ማውረድ አይችልም። ሂቹ ላይ ቁልፍ፣ ካሜራና መብራት ያለበት ቦታ። መኪኖቹን ኢንተርኔት ላይ ለመለጠፍ እስክትደርሱ ታገሡ።

ሲዲኤል (የንግድ መንጃ ፈቃድ) ያስፈልገኛል?

ለንግድ ከሆነ የፌዴራሉ ቁጥር 26,001 ነው። የፒካፑና የተሳቢው የፋብሪካ ከፍተኛ ክብደት ተደምሮ 26,001 ፓውንድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ተሳቢው ደግሞ ለብቻው ከ10,000 የሚበልጥ ከሆነ፣ ክላስ ኤ ሲዲኤል ያስፈልጋል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ተሳቢው ባዶ ስለሆነ ወይም ቮልስ ብቻ ስለጫነ አይቀንስም። የሚቆጠረው ብረቱ ላይ የተጻፈው ነው። 11,500 የተጻፈበት ፒካፕ ከ14,000 ተሳቢ ጋር 25,500 ነው፤ አያስፈልግም። 14,000 የተጻፈበት ባለ ስድስት ጎማ ፒካፕ ከዚያው ተሳቢ ጋር 28,000 ነው፤ ያስፈልጋል።

የራሳችሁን መኪና ለራሳችሁ አልፎ አልፎ የምትጭኑ ከሆነ የፌዴራል የንግድ ደንቡ አይመለከታችሁም። ስቴታችሁ ግን የራሱ አለው። ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ከ10,000 ፓውንድ በላይ ለሆነ ተሳቢ ተራውን መንጃ ፈቃድ አይቀበልም። ፈቃዳችሁን የሰጣችሁን ቢሮ ጠይቁ።

የጓደኛዬን መኪና ጨምሬ ብጭንና ነዳጅ ብቻ ቢሸፍንልኝስ?

በሐበሻ መካከል «ያው አብሮ ይሂድልኝ» ማለት ቀላል ነው። መንገድ ላይ ያስቆማችሁ ተቆጣጣሪ ግን የሚጠይቀው ገንዘብ ተቀብላችኋል ወይ ብሎ ነው። የሰው መኪና በክፍያ መጫን የንግድ ጭነት ነው። ክፍያው ነዳጅ ቢባልም ክርክር ውስጥ ያስገባችኋል። በክፍያ የሰው ዕቃ ከ10,001 ፓውንድ ጀምሮ ስቴት የሚያሻግር ጫኝ የዶት (የፌዴራሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ቁጥር፣ የሥራ ፈቃድና ቢያንስ 750,000 ዶላር የሚሸፍን የኃላፊነት ኢንሹራንስ ሊኖረው ይገባል። የመንዳት ሰዓትም ይገደባል፦ በ14 ሰዓት ውስጥ 11 ሰዓት ብቻ።

መኪኖቹ የራሳችሁ ሆነው ለመሸጥ የገዛችኋቸው ከሆነስ? እሱም ንግድ ነው። በሌላ በኩል ለመኪና ትርኢት ወስዳችሁ ሽልማት ብታሸንፉ፣ ነገሩ መዝናኛችሁ እስከሆነና ወጪውን ግብር ላይ እንደ ንግድ ወጪ እስካልቀነሳችሁ ድረስ፣ በዚያ ብቻ ነጋዴ አትባሉም። የጓደኛ መኪና ከሆነ የሚሻለው በመኪና ጭነት ሥራ ላይ ካሉት ብዙ ወገኖች አንዱን፣ ወረቀቱ የተሟላለትን፣ መቅጠር ነው።

ኢንሹራንሴ ይሸፍናል?

የፒካፑ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ተሳቢው ሌላ ሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ይሸፍናል። በተሳቢው ላይ ያሉትን መኪኖች ግን አይሸፍንም። እነሱ የራሳቸው ፖሊሲ ሊኖራቸው ይገባል። ለክላሲክ መኪና ደግሞ ዋጋው አስቀድሞ የተስማማችሁበት ፖሊሲ ነው የሚሻለው። ተራ ኢንሹራንስ የ1957 መኪናን እንደ አሮጌ ብረት ሊገምተው ይችላል። ደውላችሁ «ተሳቢ ላይ እያለስ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በኢሜይል እንዲልኩ አድርጉ።

ሁለት ባለ አንድ መኪና ተሳቢ አከታትዬ በአንድ ፒካፕ ልጎትት?

አንዳንድ ስቴቶች በቅድመ ሁኔታ ይፈቅዳሉ፣ ካሊፎርኒያን ጨምሮ ሌሎች ለተራ ሾፌር አይፈቅዱም። የሚፈቅደው ስቴት ድንበር ላይ ያልቃል፤ ቀጣዩ ውስጥ ስትገቡ ጥፋተኛ ናችሁ። ቢፈቀድም አልመክርም። ሁለተኛው ተሳቢ ሲወዛወዝ የምታዩበት መስታወት የለም፣ በሪቨርስም አይነዳም።

ምሥራቅ ወደብ አድርሼ ወደ ኢትዮጵያ ልላከውስ?

ከአሜሪካ ያገለገለ መኪና ሲወጣ የባለቤትነት ወረቀቱና መኪናው ከመርከቡ ቢያንስ 72 ሰዓት ቀድመው ለጉምሩክ መቅረብ አለባቸው። ኢትዮጵያ በበኩሏ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። የአባታችሁን ዓይነት ቮልስ አዲስ አበባ ለማስገባት ካሰባችሁ፣ ተሳቢ ላይ ከመጫናችሁ በፊት ለኢትዮጵያ ጉምሩክ ደውሉ።